አንድ በአንድ

ከሆርታ ወደብ ዳር፣ ከጀልባ ሠሪው ቤት፣
ዝናብ እየመታ የፎቁን መስታወት፣
ዴኦዳቶ ተቀምጧል ከስክሪኑ ፊት ለፊት።
እኔ ከኋላው ነኝ፣ ደብተሬን ይዤ፣
በራሴ ሕግ ታስሬ፣ በራሴ ሕግ ፈዝዤ፦
የሚፈተነው ፕሮግራሙ ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም፤
ስለዚህ መጠቆም፣ መርዳት፣ ማጉረምረም እንኳ የለም።

አርባ ዓመት ከገደል አናት ባሕር ሲጠብቅ የኖረ፣
ዓሣ ነባሪ የት እንዳለ ከትንፋሹ የነገረ፣
ዛሬ የጭራ ፎቶ አለው፣ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት፤
በየስማቸው ሊያሰፍራቸው፣ በየማህደሩ ቤት።

አንዱን ይነካል። ይጎትታል። ይለቃል።
ይመለሳል። ሁለተኛውን ይነካል።
ይጎትታል።
ይለቃል።
ሦስተኛው መንገድ ላይ አምልጦት ሌላ ማህደር ገባ፤
ፈልጎ አወጣው፣ ሳይማረር፣ እንደ ጠፋች ጀልባ።

አርባኛው ላይ ስንደርስ ምላሴን ነክሻለሁ፤
ኪቦርዱ ጥግ ላይ ያለችውን ቁልፍ አያለሁ፦
ኮንትሮል። ከመዳፉ አንድ ስንዝር አትርቅም፤
እሷን ይዞ ቢነካካ ሁሉም ይመረጣል። አያውቅም።

እንዴትስ ይወቅ? የት ተጽፏል? ማን ነገረው?
እኛ ሠሪዎቹ ነን ምሥጢሩን በእጃችን የቀበርነው፤
«ሁሉም ያውቀዋል» እንላለን፤ «ሁሉም» ያልነው እኛን ነው።
የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤
እውነት ነው፤ አልናፈቀም፤ ጣቶቹ ናቸው የዛሉ።

ስልሳ ሰባተኛው ላይ እጁን አነሣ፣ አንጓውን አሸ፤
የመስኮቱን ዝናብ አየ፤ ቀኑም እየመሸ።
«በአንዴ ብዙ ማንሣት እንደሚቻል ያውቃሉ?» አልኩ፤
ሕጌን በገዛ አፌ ሻርኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም።
«ዙልሚራ፣ ልጄ፣ የዓሣውን ትንፋሽ እኔም ይዤው አልተወለድኩም።
አጎቴ ነው ትከሻዬን ይዞ ያዞረኝ፣
‹እዚያ! ነጯ ጉም ስትነሣ አየሃት?› ያለኝ።
ከዚያ ወዲያ ሳላያት የዋልኩበት ቀን የለም፤
ከዚያ በፊት ባሕሩ ውኃ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም።
ያንቺ ማሽን ግን ትከሻ የሚይዝ እጅ የለው።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኛሁ።
ጠዋት ግን ስነሣ የማደርገውን አገኘሁ፦
ማውዙ ፎቶ ላይ ሲያልፍ፣ ጥግ ላይ፣ ልክ እንደዚያ ትንፋሽ፣
ብቅ የምትል ትንሽ ሳጥን፤ ባዶ፤ ነጭ፤ የማትሸሽ።
አንዷ ላይ ምልክት ሲደረግ ሌሎቹም ብቅ ይላሉ፣
ተራ ጠባቂ ልጆች ይመስል «እኛስ? እኛስ?» እያሉ።

ባልደረባዬ ጃሲንቶ ተቃወመ፦ «ስክሪኑን ያቆሽሻል፤
አዋቂውን ያናድዳል፤ ንጹሕ የነበረው ይበላሻል።»
«ንጹሕማ ነበር» አልኩት፣ «መሰላል እንደሌለው ፎቅ፤
ላይ የወጣ ብቻ የሚኖርበት፣ ታች ያለ የማያውቅ።»
ሳምንት ተከራከርን። ሳጥኗን ትንሽ አሳነስናት፤
ቀለሟን አደብዝዘን በቦታዋ ተውናት።

ዴኦዳቶ ተመለሰ። ዝናቡም፣ ወንበሩም ያው ነው።
ማውዙ ሲያልፍ ብቅ አለች። ዓይኑን ጠበብ አደረገው፤
የገደሉ ላይ ዓይኑን። «እዚያ» አለ በለሆሳስ፣
እንደ ድሮው ጠቋሚ፣ ግን ድምፁን ለማንም ሳያደርስ።

ነካት። ቀጥሎ ያለችውን። ቀጥሎ ያለችውን።
«ስምንት ተመርጠዋል» አለ ግርጌው። ሃያ። ሰማንያ።
እጁ አንዴ ብቻ ጎተተ፤ መንጋው ሙሉ ተሻገረ፤
የምጽፈው ጠፍቶኝ እስክሪብቶዬ ደብተሩ ላይ ቀረ።

አንዷን ግን ሳይመርጥ ተዋት፤
የጭራዋ ግራ ክንፍ የተቆረሰ፣ በየሰኔው የሚያያት።
«ረሷት?» አልኩት።
«አልረሳኋትም» አለ፤ ሣቀ።
ሌሎቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ እሷን ብቻዋን ይዞ፣
ቀስ ብሎ ጎተታት፣ እስከ ማህደሯ፤
ለቀቀ።